ራስን ሳይጥሉ በሱስ የተያዘን ሰው መርዳት

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ጫትና ስለ መጠጥ ሲነሳ ወሬው ሁሌ ስለ ቃሚውና ስለ ጠጪው ነው። የወንድሟን ዕዳ ጫት ቤት ድረስ ሄዳ ስለምትከፍለው እህት፣ የበሩን ድምፅ እየጠበቀች ስለምታነጋው ሚስት፣ "አሞት ነው የቀረው" ብላ ለልጇ አለቃ ስለምትደውለው እናት የሚያነሳ ጥቂት ነው። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። በቅርብ ባየኋቸው ቤቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚታየኝ አንድ ነገር አለ፤ ቤተሰቡን የሚያደክመው ሥራና ሱሱን በሕይወት የሚያቆየው ሥራ ብዙ ጊዜ ያው አንድ ሥራ ነው። ዕዳ መክፈል፣ ገመና መሸፈን፣ ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅ። ስለዚህ እሱን መርዳትና ራስን መጠበቅ ተራ የሚጠባበቁ ጉዳዮች አይደሉም፤ አንደኛው ሲስተካከል ሌላውም መስተካከል ይጀምራል።

መጀመሪያ ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የቤቱ ፀብ በአብዛኛው የሚነሳው "ቢወደን ኖሮ ይተወው ነበር" ከሚል ሐሳብ ነው። ስንበላ፣ ልጅ ስናቅፍ፣ ሥራ ሲሳካልን አንጎላችን ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቅቃል፤ "ይህ መልካም ነው፣ ድገመው" የሚል መልእክት ነው። አልኮልም ጫትም ይህንኑ መልእክት ከተፈጥሮው መጠን በላይ ያስለቅቃሉ። ለዓመታት ሲደጋገም አንጎል ራሱን ከዚያ ጋር ያስማማል። ያለ ሱሱ የሚገኘው ደስታ ይደበዝዛል፣ ሱሱ ሲቀር ሰውነት ይረበሻል፣ "ተው፣ ይቅርብህ" የሚለው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም አቅም ያጣል። ጠዋት በልጆቹ ስም ምሎ ማታ ሰክሮ የሚገባ አባት፣ ሲምል ከልቡ ምሎ ሊሆን ይችላል። የተጎዳው መሐላውን የሚያስጠብቅለት አቅም ነው። ይህ ከኃላፊነት ነፃ አያወጣውም። የስኳር ሕመምተኛም በሽታውን አልመረጠም፣ መድኃኒቱን መውሰድ ግን የእሱ ድርሻ ነው።

በእኛ ከተማ ጫት ለብቻው ቢታይ ይሻላል። ወንዶ ገነት እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ቅጠሉ ተቆርጦ፣ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ሳይጠወልግ ይደርሳል። ጥድፊያው ምክንያት አለው። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ቅጠሉ ሲደርቅና ሲያድር፣ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ አብዛኛው ካቲኖን ካቲን ወደሚባለው ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ ቃሚ ለነገ አያስቀምጥም። የዕለቱን በዕለቱ ይገዛል፤ ከቤት የሚወጣው ገንዘብም በየዕለቱ ስለሆነ በወር ስንት እንደደረሰ የሚያሰላው የለም።

የቀኑ ዑደት በየሰፈሩ ይታወቃል። ከምሳ በኋላ በርጫ ይጀመራል። ምርቃናው ሲይዝ ወሬው ይደምቃል፣ ዕቅዱ ይበዛል። ሲለቅ ድብርቱና ብስጭቱ ይመጣል፣ እንቅልፍም እምቢ ይላል። እዚህ ላይ ነው ጨብሲ የሚገባው፤ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ። በማግስቱ ሐራራው፣ ማለትም የመቃም ጥማቱ፣ ቀን ሙሉ ፋታ አይሰጥም። "ልጄ ቃሚ እንጂ ጠጪ አይደለም" የሚል ወላጅ ብዙ ነው፤ መጠጡ ግን በጨብሲ በኩል ገብቶ ጫቱ እንኳ ቢቀር ላይወጣ ይችላል። ለእንቅልፍ ብለው ከመጠጡ ጋር ዲያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት የሚውጡም አሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ትንፋሽን ያዳክማሉና ይህን ያየ ቤተሰብ ዝም ማለት የለበትም።

ጫት ለመተው የሚሞክር ሰው ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴ ለሁለት ሳምንት ያህል ይከብደዋል። ይደክመዋል፣ እንቅልፍ ይበዛበታል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ይደብተዋል፣ ሌሊት ዱካክ የሚባለው አስፈሪ ቅዠት ያስጨንቀዋል። ይህ እንደሚያልፍ ቤተሰቡ ቢያውቅ "ይኸው፣ ሲተወው ባሰበት" ብሎ ተስፋ አይቆርጥም። በዚህ ጊዜ ቀለል ያለ ምግብ፣ ብዙ ውኃና የሚተኛበት ጸጥ ያለ ቦታ ከምክር ይበልጣሉ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ሰዎች ሊያጠፉኝ ነው ካለ፣ ወይም ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ግን ነገሩ ከዱካክ አልፏል፤ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይየው።

አልኮል ሌላ ነው። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ካለ ይህን ይያዝልኝ፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣን ሰው በድንገት እንዲያቆም ማስገደድ ሊገድለው ይችላል። አልኮል አንጎልን የሚያፈዝ ነገር ነው። ለዓመታት ሲያፈዘው አንጎል ለመመጣጠን ሲል ራሱን ወደ ላይ ያነቃቃል። መጠጡ በአንድ ቀን ሲቋረጥ የሚያፈዘው ይጠፋና መነቃቃቱ ብቻውን ይቀራል። ከመጨረሻው መጠጥ 6 ሰዓት ገደማ በኋላ ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ያቅለሸልሸዋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ ሰውነቱ ተገትሮ ሊንፈራገጥ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ከሁሉ የከፋው ይመጣል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ይረበሻል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ "አበደ" ወይም "ርኩስ መንፈስ ነው" ይልና ክፍል ይዘጋበታል፣ አንዳንዴም ያስረዋል። ያ ሰው በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። መኪና ካልተገኘ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ማን ነው እንዲህ ያለ አደጋ ያለበት? ጠዋት "ለማስተካከያ" ካልጠጣ እጁ ብርጭቆ የማይዝለት፣ ከዚህ በፊት ለመተው ሲሞክር የተንፈራገጠ ወይም የቃዠ፣ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የጠጣ። የመጠጡ ዓይነትም መታየት አለበት። ቢራ ከመቶው 5 እጅ ያህል አልኮል ቢኖረው ነው። ተራ አረቄ ሲሶ ያህሉ አልኮል ነው፣ ዳግም አረቄ ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጋል። "ሁለት ሦስት መለኪያ ብቻ ነው" የሚለው ወሬ መለኪያው ውስጥ ምን እንዳለ ሳይታወቅ አያጽናናም።

ደግነቱ ይህ አደጋ ይታከማል፣ ሕክምናውም ሩቅ አይደለም። ሐኪሙ መናወጡን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ብዙውን ጊዜ ዲያዜፓም፣ በመጠን ይሰጥና በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀነሰ ያቆመዋል። ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጠዋል፤ ብዙ የሚጠጡ ሰዎች ይህ ቫይታሚን ስለሚያልቅባቸው ሳይተካ ከቀረ የማስታወስ ችሎታቸው እስከ ወዲያኛው ሊጎዳ ይችላል። ቀላሉን ደረጃ ጤና ጣቢያም ሊረዳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጠቅላላ የጤና ባለሙያዎችን በአእምሮ ጤና የሚያሠለጥንበት ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ትኩረት ከሰጣቸው ችግሮች አንዱም የአልኮል ሱስ ነው። ከዚያ የከበደው ሁላችንም ሪፈራል የምንለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታያል። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ካስፈለገ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። "መጠጥ የሚያስጠላ" እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት ወይም ኪኒን ገዝተው ጠጪው ሳያውቅ ወጥ ውስጥ የሚጨምሩ ቤተሰቦች አሉ። አይደረግ። እውነተኛ መድኃኒት ቢሆን እንኳ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ደም ግፊቱን አውርዶ ልቡን ሊያናውጥ የሚችል ዓይነት አለ፤ ሰውየው ሳያውቅ ሲጠጣበት አደጋው በእናቱ ወይም በሚስቱ እጅ የመጣ ይሆናል። ሲያውቅ ደግሞ ከቤቱ ምግብ በሰላም አይበላም።

ጸበልና ጸሎት ከዚህ ጋር የሚጋጩ አይመስለኝም። ገብርኤል ደጅ የምትሳለውንም፣ አዳር ጸሎት የምትገባውንም እናት ያቆማት ተስፋ ነው፤ ያንን ተስፋ የሚነጥቅ ሐኪም ያጠፋል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ተናግረው ነበር፤ ለዚህም ያው ነው። የምለምነው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ጸበል ለመግባት በድንገት ከማቆሙ በፊት ሐኪም ይየው፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት ይዞ ይሂድ።

አሁን ወደ ቤት ውስጡ እንግባ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ አንዲት ወጣት እናስብ። ታላቅ ወንድሟ ይቅማል፣ ማታ ይጠጣል። ደሞዟ ሲገባ መጀመሪያ የጫት ቤቱን ዱቤ ትከፍላለች፤ ባለ ሱቁ በሰፈር ፊት እንዳያዋርደው። ስልኩን ሲሸጥ ሌላ ትገዛለታለች። ከባጃጅ ሥራው ሲቀር ባለ ባጃጁን ትለማመጣለች። እናታቸው እንዳትሰማ ትዋሻለች። የምታደርገው ሁሉ ፍቅር ነው፣ ማንም አይጠራጠርም። ግን ከወንድሟ በኩል ሆነን ብናየው በመቃሙ ያጣው ነገር ምንድን ነው? ዕዳው ተከፍሏል፣ ስልኩ ተተክቷል፣ ሥራው ተጠብቋል፣ ስሙ አልጠፋም። ጉዳቱ አልጠፋም፤ ወደ እሷ ነው የዞረው። እንቅልፍ ያጣችው እሷ ናት፣ የተበደረችውም እሷ ናት።

ታዲያ ትተወው? በፍጹም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው፤ ወይ ሁሉን መሸፈን ወይ ሽማግሌ ሰብስቦ ማፋጠጥና "ከዚህ ቤት ውጣ" ማለት እንጂ ሌላ መንገድ የሌለ ይመስላል። ሌላ መንገድ አለ፣ ተፈትኖም ታይቷል። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት፣ መታከም የማይፈልግ ጠጪ ያለባቸው 130 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ተመከሩ። ዘመዳቸውን ሰብስበው እንዲያፋጥጡ ከተመከሩት ውስጥ 30 በመቶዎቹ ዘመዳቸውን ወደ ሕክምና አስገቡ። ዘመዳቸውን መለወጥ ትተው በራሳቸው መጽናናት ላይ እንዲያተኩሩ ከተረዱት 13 በመቶ። ሳይጠጣ ሲገኝ መቅረብን፣ ሲጠጣ መራቅን፣ የመጠጡን ጉዳት አለመሸፈንን፣ ሕክምናን በትክክለኛው ሰዓት መጋበዝን ከተማሩት ግን 64 በመቶ። ይበልጥ የነካኝ ሌላው ውጤት ነው፤ በሦስቱም መንገድ የቤተሰቡ አባላት የራሳቸው ድብርትና ንዴት ቀንሷል። ዘመዳቸው ታከመም አልታከመም፣ እነሱ እርዳታ በማግኘታቸው ብቻ ተሽሏቸዋል።

በተግባር ይህ ምን ይመስላል? ሰዓቱን ከመምረጥ ይጀምራል። ሰክሮ ሲገባ፣ ምርቃና ላይ ሳለ ወይም ሐራራ ሲያንገበግበው የተነገረ ነገር አይገባም። እንግዳ ፊት የተነገረም ጥላቻ ያተርፋል። ጠዋት ላይ፣ እንቅልፍ ጠግቦ ሲነሳ፣ ቡና ላይ፣ ሁለት ብቻ ሆነው ሲገናኙ ይሻላል። ያቺ እህት እንዲህ ልትለው ትችላለች፦

"ወንድም ጋሼ፣ እሑድ ዕለት ሳትቅም ከእማዬ ጋር ስትጫወት ሳይህ ደስ አለኝ። ናፍቀኸኝ ነበር። ማታ ሳትመጣ ስትቀር እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ሥራ ላይ እጄን ማሽን እንዳይበላው እፈራለሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ የጫት ቤት ዱቤ አልከፍልም፤ ለባለ ሱቁም ነግሬዋለሁ። ሪፈራል እንሂድ ካልከኝ ግን ፈቃድ ጠይቄ አብሬህ እሄዳለሁ።"

ንግግሩ ውስጥ ስድብ የለም፣ "ሁሌም አንተ" የሚል የለም፣ ልመናም የለም። ያየችውን መልካም ነገር ጠቀሰች፣ የራሷን ሁኔታ ነገረችው፣ ከእንግዲህ የማታደርገውንና የምታደርገውን ለየች። ከባዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ባለ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሲጮህ አንጀቷ አልችል ብሎ ከከፈለች፣ ወንድሟ የተማረው ቃሏ እንደማይጸና ነው። ስለዚህ የማትችለውን ወሰን አትናገር። "ከቤት አስወጣሃለሁ" ብሎ ሳያስወጡ ከመቅረት፣ "ዱቤ አልከፍልም" ብሎ መጽናት ይበልጣል። ራት ስጪው፣ ልብሱን እጠቢለት፣ ጥሬ ገንዘብ ግን አትስጪው።

ጉዳቱን አለመሸፈን ሲባል ሕይወቱ ላይ መጨከን ማለት አይደለም። ሰክሮ ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ተኝቶ ካስመለሰው ሊታፈን ይችላል፤ በጎኑ ይዙርና ሰው ይኑርበት። ቡና ማጠጣትም ቀዝቃዛ ውኃ መድፋትም አያድነውም። ሲጠሩት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ ሐኪም ቤት ይወሰድ። በማግስቱ ስለ ሥራ መቅረቱ ለአለቃው የሚደውለው ግን እሱ ራሱ ይሁን።

እሺ ብሎ ታክሞ፣ ወራት ቆይቶ ሊመለስበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ እንዳሳየው በሱስ ከታከሙ ሰዎች ውስጥ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ያገረሽባቸዋል፤ ሕመማቸው ከሚመለስባቸው የደም ግፊትና የአስም ታካሚዎች የሚብስ ቁጥር አይደለም። ግፊቱ የጨመረበትን ሰው "ሕክምናው ከንቱ ነው" ብለን አናባርረውም፤ መድኃኒቱን እናስተካክልለታለን።

ስለ ረጂዋ ደግሞ። (ወንዶችም አሉ፤ ያየኋቸው ግን በአብዛኛው እናቶች፣ ሚስቶችና እህቶች ናቸው።) ከሁሉ በላይ የሚበላቸው ጸጸት ነው፤ "በደንብ ባሳድገው ኖሮ"፣ "ባልጨቀጭቀው ኖሮ"። የጠጪ ቤተሰቦች እርስ በርስ የሚረዳዱበት አል-አኖን የተባለ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ ውስጥ ሲመሠረት ጀምሮ አባላቱን ሲያጽናና ኖሯል፤ እዚያ የሚደጋገም አባባል አለ፦ እኔ አላመጣሁትም፣ ልቆጣጠረው አልችልም፣ ላድነው አልችልም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንዳሉ እቀበላለሁ። በሦስተኛው ላይ ግን ከላይ ያየነውን ጥናት ይዤ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ማዳን ባይቻልም መንገዱን ማቅናት ይቻላል።

ሁለተኛው ምሥጢር ነው። ለዕድሩ ሁሉ ይነገር አልልም፤ ግን አንድ ሰው ይወቅ። አፏን የምታምናት ጎረቤት፣ የንስሐ አባት፣ መጋቢ፣ እህት። ምሥጢሩን ብቻዋን የተሸከመች ሴት ቡና መጥራትም መጠራትም ትተዋለች፣ ከሰው ትርቃለች፣ በመጨረሻም ከጠጪው በቀር የሚያናግራት አይኖርም። ገንዘብም እንዲሁ። ዕቁቧ በስሟ ይሁን፣ የሞባይል ባንክ ቁጥሯን ለማንም አትስጥ፣ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ደሞዝ በገባ ዕለት ይከፈል።

ልጆችን ስለ አባታቸው መዋሸት አይጠቅምም፤ የሚሆነውን ያያሉ። "አባባ ታሟል፣ ሕመሙ መጠጥ ያስጠጣዋል፣ በእናንተ ጥፋት አይደለም" ማለት ለሰባት ዓመት ልጅ ይገባዋል። ግሮሰሪ ሄዶ አባቱን እንዲያመጣ ወይም ጫት እንዲገዛ ግን ልጅ አይላክ።

ዱላ ካለ ከላይ ያልኩት ሁሉ ሁለተኛ ይሆናል። ሰክሮ የሚመታን ሰው በምክርና በትዕግሥት ለመለወጥ መሞከር የማንም ግዴታ አይደለም። ቀድሞ የሚዘጋጅ ነገር አለ፤ መታወቂያ፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ ጥቂት ገንዘብና ቅያሪ ልብስ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ፣ ለአንዲት ጎረቤት "ከጮህኩ ጥሪልኝ" ይባል፣ ሌሊት የሚኬድበት ቤት ይታወቅ። በፖሊስ ጣቢያዎች የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተል ክፍል አለ፤ እዚያ ማመልከት ትዳር ማፍረስ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

ብዙዎች የማያውቁትን ልጨርስበት። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የእሱ ፈቃድ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ሚስት ወይም እናት ብቻዋን ሄዳ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ትችላለች። ከመሄዷ በፊት ምን እንደሚጠጣ ወይም እንደሚቅም፣ በቀን ምን ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ ተንፈራግጦ ያውቅ እንደሆነ፣ የሚውጠው ሌላ መድኃኒት ካለ ወረቀት ላይ ትጻፍ። ካርዱን በራሷ ስም ታውጣ፤ እንቅልፏን፣ የምግብ ፍላጎቷን፣ ለምን ያህል ጊዜ ስታለቅስ እንደቆየች ለባለሙያው ትንገር። የደም ግፊቷንም እዚያው ታስለካ።